«ኢሳጉጂ»፦ የግሪክ ፍልስፍና ለሙስሊም ጀማሪዎች የተዋወቀበት መንገድ

መግቢያ

አጎቴ ሸኽ ነበሩ። በወሎ ገጠር ከቤታቸው ጓሮ ባለች አንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ ደረሶችን ሰብስበው ያቀሩ ነበር። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ በመሆኔ ከጎጆዋ ደጃፍ አልፌ ገብቼ አላውቅም። በዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለክረምት ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ፣ በዚያ ዓመት ከተማርሁት ሁሉ ይበልጥ ያኮራኝ የነበረው የሎጂክ ትምህርት ነበር። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ ሰው በተሰበሰበበት ለአጎቴ ስለ አሪስቶትል ማስረዳት ጀመርሁ። ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ እንግዲህ ሶቅራጥስ ሟች ነው አልሁ። እሳቸውም ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «አሪስጡን በምን አወቅኸው ልጄ?» ብለው በዐረብኛ ጥቂት ስንኞች በቃላቸው አወረዱ። እኔ ዱዓ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልሁ። ደረሶቹ በሳቅ ፈረሱ። አጎቴም «ተዉት፣ አትሳቁበት፤ ገና ጀማሪ ነው» አሏቸው።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ከኪታቦቻቸው አንዱ ለእኔ ደረሰኝ። በቆዳ የተደጎሰ፣ ቀጭን፣ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ዐረብኛ የተማርሁት ዘግይቼ ስለ ነበር ለብዙ ዓመታት ሳልገልጠው በመደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። በመጨረሻ ስገልጠው ሁለት ድርሰቶች በአንድነት ተጠርዘው አገኘሁ። የመጀመሪያው «ኢሳጉጂ» ይባላል፤ ሁለተኛው «አስ-ሱለም» ነው። ሁለቱም የአመክንዮ፣ ወይም በዐረብኛው አጠራር የ«መንጢቅ»፣ መማሪያዎች ናቸው። በኅዳጋቸው ላይ ደግሞ አጎቴ በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ የከባድ ቃላትን ፍች አስፍረዋል።

ይህ ግኝት በግል ነክቶኛል። ከዓመታት በፊት ለሥራ ባልደረቦቼ ባነበብሁት አንድ ጽሑፍ የአማርኛ የፍልስፍና ቃላት ምንጮች ሁለት ብቻ እንደ ሆኑ፣ እነዚህም የግእዝ መጻሕፍትና ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንደ ሆኑ አስረግጬ ተናግሬ ነበር። የተቃወመኝ አልነበረም። አሁን ግን አባባሌ ስሕተት እንደ ነበረ አምናለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ስሕተት ማረም ሲሆን፣ ለዚህ የሚረዳው ዋናው መንገድ የግሪክ ፍልስፍና ለሙስሊም ጀማሪዎች በምን በምን ደረጃ እንደ ተዋወቀ መመርመር ይመስለኛል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከጢሮስ እስከ ባግዳድ

«ኢሳጉጂ» የሚለው ቃል ዐረብኛ አይደለም። በግሪክኛ «መግቢያ» ማለት ነው። ይህን ስም ለመጽሐፉ የሰጠው በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፖርፊሪዮስ ነው። ፖርፊሪዮስ መጽሐፉን ያዘጋጀው የአሪስቶትልን የአመክንዮ ድርሰቶች ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ነበር። የተወለደው በዛሬይቱ ሊባኖስ በምትገኘው በጢሮስ ከተማ ነው። ስለሆነም «የምዕራብ ፍልስፍና» ስንል የምንጠራው ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ የተገኘው ከምሥራቅ ሜድትራንያን ጠረፍ ሰው እጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

መጽሐፉ በእስክንድርያ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ንባብ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያም ወደ ሱርስት ተተረጎመ። ባግዳድ በ762 በኸሊፋ አል-መንሱር ከተቆረቆረች በኋላ፣ በተለይም በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813-833)፣ የግሪክ መጻሕፍት በብዛት ወደ ዐረብኛ መመለስ ጀመሩ። ይህ የትርጉም ሥራ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘልቋል። ሕክምና፣ የከዋክብት ትምህርት፣ ሒሳብና ፍልስፍና በዚህ ሥራ ተካተዋል። «ኢሳጉጂ»ንም አቡ ዑሥማን አድ-ዲመሽቂ ወደ ዐረብኛ መልሶታል።

ከተርጓሚዎቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ (808-873) ነው። ሁነይን በሃይማኖቱ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያን፣ በሙያው ሐኪም ነበር። ከመተርጎሙ በፊት የግሪክኛ ቅጂዎችን እያሰባሰበ እርስ በርሳቸው ያመሳክር ነበር። ቃል በቃል ከመመለስ ይልቅ የዐረፍተ ነገሩን ምሥጢር ይዞ በዐረብኛ ወግ ማስቀመጥን መረጠ። የጋሌኖስን አንድ መጽሐፍ ፍለጋ ከመስጴጦምያ ተነሥቶ በሶርያና በፍልስጥኤም አልፎ እስከ እስክንድርያ መጓዙንና በደማስቆ የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ብቻ ማግኘቱን ራሱ ጽፏል።

ሁነይን ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። የግሪክ ጠቢባንን አባባሎች በዐረብኛ ያሰባሰበበት ሥራ ከመጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ዋና ምንጮች አንዱ ነው። ይህን መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነርም በ1974 ባሳተሙት ጥናት በስፋት መርምረውታል። እንግዲህ በባግዳድ ለሙስሊምና ለክርስቲያን አንባቢ የተሰናዳ አንድ መግቢያ በኢትዮጵያ ገዳማት ውስጥ በግእዝ ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ የጠቀሰው ይህን መንገድ ብቻ ነበር።

የቃል ችግር

ፍልስፍናን ለጀማሪ ማስተዋወቅ ከሁሉ አስቀድሞ የቃል ችግር ነው። የባግዳድ ተርጓሚዎች ችግሩን በሦስት መንገድ እንደ ተወጡት እናያለን።

የመጀመሪያው መንገድ የባዕዱን ቃል እንዳለ መውሰድ ነው። «ፈልሰፋ» ራሱ እንዲህ የገባ ነው። ዛሬ ፍጹም ዐረብኛ የሚመስለው «ጅንስ»ም ከግሪክኛው «ጌኖስ» የመጣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለነባሩ ቃል አዲስ ሸክም መስጠት ነው። በግሪክኛ «ሎጎስ» ንግግርም ማሰብም ነው። ተርጓሚዎቹ «ነጠቀ» (ተናገረ) የሚለውን ሥር ይዘው የአመክንዮን ትምህርት «መንጢቅ» አሉት፤ ሰውንም «ሐየዋን ናጢቅ»፣ ማለትም ተናጋሪ እንስሳ፣ ብለው ገለጹት። ተናጋሪ ያሉት አሳቢ ለማለት ነው። የግእዝ ሊቃውንትም ነፍስን «ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት» ሲሉ «ነባቢት»ን የተጠቀሙት በዚሁ ስሜት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከነባሩ ቃል አዲስ ቃል መፍጠር ነው። አል-ፋራቢ (950 የሞተ) «ኪታብ አል-ሑሩፍ» በተባለው ድርሰቱ ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ጽፏል። በግሪክኛ አንዱ ግስ «ነው»ንም «አለ»ንም ይሸከማል። በዐረብኛ ግን «ዘይድ ጻድቅ» ብሎ መተው ይቻላል፤ ማሰሪያ አያስፈልገውም። ተርጓሚዎቹ ክፍተቱን ለመሙላት አንዳንዶቹ «ሁወ» (እሱ) የሚለውን ተውላጠ ስም፣ ሌሎቹ «መውጁድ» (የተገኘ) የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። ከ«ሁወ»ም «ሁዊያ» የሚል ረቂቅ ስም ወጣ። የግእዝ ተማሪ ይህን ሲያነብ አይደነቅም፤ «ውእቱ» ተውላጠ ስም ሆኖ ሳለ ማሰሪያም ይሆናልና። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ዕድለኛ ነው። «ፈረስ ነው» እና «ፈረስ አለ» በማለት የግሪክ ፈላስፎችን ብዙ ያወዛገበውን ልዩነት ሳያስበው ለይቶ ይናገራል።

ማስተዋወቅ የሚሰናከልበትም ጊዜ አለ። በ940 የሞተው መታ ኢብን ዩኑስ የአሪስቶትልን የግጥም ጥበብ መጽሐፍ ከሱርስት ወደ ዐረብኛ ሲመልስ ትራጀዲን «ውዳሴ»፣ ኮሜዲን «ስድብ» ብሎ ተረጎማቸው። የዐረብ ግጥም ቴአትር ስላልነበረው ተርጓሚው አንባቢው የሚያውቀውን የግጥም ዓይነት ሰጠው። አንባቢው ቃሉን ሳይቸገር አነበበ፤ ነገሩ ግን አመለጠው። የታወቀ ቃል አንዳንድ ጊዜ ከማይታወቀው ይልቅ እንደሚያሳስት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ሰዋስው አይበቃንም ወይ?»

አዲሱ ትምህርት ያለ ተቃውሞ አልገባም። አል-ኪንዲ በ9ኛው መቶ ዓመት ለኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ባበረከተው የመጀመሪያ ፍልስፍና ድርሰቱ፣ እውነት ከሩቅ ሕዝብና ከሌላ ወገን ቢመጣም ልንቀበለው እንጂ ልናፍርበት አይገባም ሲል ተከራክሯል። እንዲህ ብሎ መከራከር ማስፈለጉ በራሱ የሚያፍሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ያሳያል።

በ930ዎቹ በባግዳድ በአንድ ወዚር ፊት የተደረገው ክርክር ከሁሉ የታወቀ ነው። በአንድ ወገን ከላይ የተጠቀሰው መታ፣ በሌላው ወገን የሰዋስው ሊቁ አቡ ሰዒድ አስ-ሲራፊ ቀረቡ። መታ አመክንዮ ትክክለኛውን ንግግር ከስሕተቱ የሚለይ ሚዛን ነው አለ። አስ-ሲራፊም ይህ ሚዛን በግሪክ ሰው በግሪክ ቋንቋ የተሠራ ከሆነ ቱርኩን፣ ሕንዱንና ዐረቡን ምን አስገድዶት ይገዛለታል? ሲል ጠየቀ። ግሪክኛ ለማታውቀው ለአንተስ በትርጉም የመጣልህ ነገር ሳይዛባ መድረሱን በምን ታምናለህ? አለው። አት-ተውሒዲ ባቆየልን ዘገባ መሠረት በዕለቱ ያሸነፈው ሰዋስው ዐዋቂው ነው።

እኔ ይህን ክርክር በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አነሣዋለሁ። አብዛኞቹ የአስ-ሲራፊን ጥያቄ የኋላ ቀርነት አድርገው ይወስዱታል። በበኩሌ ጥያቄው የቋንቋ ሰው ሁሉ ሊያነሣው የሚገባው ነው እላለሁ። መልሱ የተገኘው ግን በክርክር ሜዳ ላይ አልነበረም። የኋለኞቹ መምህራን ሚዛኑ በጀማሪው በራሱ ነገር ላይ ሲሠራ እያሳዩ ነው የመለሱት።

አል-ገዛሊ፦ ምሳሌውን መለወጥ

ይህን ካደረጉት መካከል ዋናው አል-ገዛሊ (1058-1111) ነው። በባግዳድ ሦስት መቶ ደረሶች እያስተማረ ሳለ፣ ከማስተማርና ከመጻፍ በሚተርፈው ጊዜ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ የፍልስፍና መጻሕፍትን ያለ መምህር እንዳነበበና አንድ ዓመት ያህል ደግሞ እንዳሰላሰላቸው ራሱ ይተርካል። አንድን ትምህርት ጠንቅቆ ሳያውቁ መንቀፍ በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ የፈላስፎችን ሐሳብ ሳይነቅፍ የሚያስረዳ «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጀ። ለዚህም በአመዛኙ የኢብን ሲናን የፋርስኛ ድርሰት ተከተለ። በ1095 ደግሞ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተሰኘው መጽሐፉ በ20 ጥያቄዎች ሞገታቸው። ከነዚህም ሦስቱን፣ ማለትም ዓለም ዘላለማዊ ነው፣ አላህ ዝርዝሩን የሚያውቀው በጥቅሉ ነው፣ የሥጋ ትንሣኤ የለም የሚሉትን፣ ክሕደት ብሎ ፈረጃቸው።

«መቃሲድ» በ12ኛው መቶ ዓመት በቶሌዶ ወደ ላቲን ሲመለስ ዓላማውን የሚገልጸው መቅድም በብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ አልነበረም። በመሆኑም የአውሮፓ አንባቢዎች አል-ገዛሊን ራሱን ከፈላስፎቹ እንደ አንዱ ቆጠሩት። ነቃፊው ያሰናዳው መግቢያ ያን ያህል ታማኝ ነበር።

ለኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አል-ገዛሊ አመክንዮን ከፍልስፍናው ነጥሎ ማትረፉ ነው። አመክንዮ እንደ ሒሳብ መሣሪያ እንጂ እምነት እንዳልሆነ አስተማረ፤ በሕግ መሠረቶች ላይ በጻፈው «አል-ሙስተስፋ»ም አመክንዮን የማያውቅ ሰው ዕውቀቱ እንደማይታመን አሳሰበ። ምሳሌዎቹንም ለወጣቸው። ሶቅራጥስንና ሟችነቱን ትቶ የፊቅህ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የነቢዝን ጉዳይ አነሣ፦ ይህ መጠጥ ያሰክራል፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው፤ እንግዲያስ ይህ መጠጥ ሐራም ነው። «አል-ቂስጣስ አል-ሙስተቂም» በተባለው ድርሰቱ ደግሞ የአመክንዮን ሥርዓቶች ከቁርኣን ታሪኮች አውጥቶ አሳየ። ነቢዩ ኢብራሂም ከንጉሡ ጋር ስለ ፀሐይ መውጫ የተከራከሩትን ለአንዱ የአስተሳሰብ ዓይነት፣ የሚጠልቅ ኮከብ አምላክ ሊሆን እንደማይችል ያስረዱትን ለሌላው ምሳሌ አደረገ። ለአስ-ሲራፊ የተሰጠው መልስ ይህ ይመስለኛል። ጀማሪው ሚዛኑን በራሱ እህል መዘነበት።

ኢብን ሩሽድና የመታረጃው ቢላ

በአንዳሉስ የኮርዶባ ዳኛ የነበረው ኢብን ሩሽድ (1126-1198) ጥያቄውን እንደ ሕግ ሰው ያዘው። ፍልስፍናን ማጥናት በሸሪዓ የተፈቀደ፣ የተከለከለ ወይስ የታዘዘ ነው? ቁርኣን ፍጥረትን እንድናስተነትን ስለሚያዝ፣ ማስተንተን ደግሞ መሣሪያ ስለሚፈልግ፣ ችሎታው ላለው ሰው ጥናቱ ግዴታ ነው ሲል ደመደመ። መሣሪያው የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ሥራ መሆኑስ? ለዚህ የሰጠው ምሳሌ የመታረጃ ቢላ ነው። ቢላው የሚያስፈልገውን ካሟላ ባለቤቱ የእኛ እምነት ተከታይ መሆኑና አለመሆኑ ዕርዱን አያበላሸውም ይላል።

ይህ ምሳሌ በአገራችን አንባቢ ዘንድ ልዩ ትርጉም አለው። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በለቅሶም በሠርግም አብረው ይቀመጣሉ፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። ቢላ የተዋዋሱ ጎረቤታሞች እንኳ በዕርዱ ጉዳይ አይቀላቀሉም። ኢብን ሩሽድ ያየው ይህንኑ ነው፦ መሣሪያውን መዋስና በዕርዱ ላይ የሚባለውን ቃል መዋስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሆኖም ኢብን ሩሽድ ሁሉም ሰው ሁሉን ያንብብ አላለም። ሰዎች የሚያምኑበት መንገድ ሦስት ነው፤ በማስረጃ፣ በክርክርና በስብከት። ለአንዱ የሚስማማው ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል አል-ገዛሊ ረቂቁን ነገር በሕዝብ መጽሐፍ ውስጥ አወጣው ብሎ ወቅሶታል። እኔ በዚህ ነጥብ ከኢብን ሩሽድ ጋር አልስማማም። ጀማሪን ከደጃፍ የመለሰ ትምህርት ወራሽ አያገኝም። በእስላሙ ዓለም ማድረሳዎች ውስጥ ለዘመናት የዘለቀው የአመክንዮ ትምህርት የአል-ገዛሊን ፈለግ የተከተለው ነው።

ለጀማሪ የተጻፉ ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት

አጎቴ ዘንድ የደረሰው «ኢሳጉጂ» የፖርፊሪዮስ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው አሢር አድ-ዲን አል-አብሀሪ የጻፈው ነው። የጥንቱን ስም ይዞ መላውን አመክንዮ በጥቂት ገጾች አጠቃለለው። መጽሐፉ በአል-አዝሀርም፣ በኦቶማን ማድረሳዎችም፣ በሕንድም የጀማሪ መማሪያ ሆነ። አል-አብሀሪ የአስተሳሰብን ሥርዓት ለማሳየት የመረጠው ምሳሌ የሚገርም ነው። አካል ሁሉ የተገጣጠመ ስለ ሆነና የተገጣጠመ ሁሉ ደግሞ በኋላ የተገኘ ስለ ሆነ አካል ሁሉ በኋላ የተገኘ ነው ይላል። በሌላ አነጋገር ዓለም ዘላለማዊ ነው ያለውን የአሪስቶትልን ሐሳብ የሚቃወም ድምዳሜ በአሪስቶትል በራሱ መሣሪያ ተሠራ።

ሁለተኛው «አስ-ሱለም» (መሰላሉ) በአልጄሪያው አል-አኽደሪ በ1534 የተገጠመ ነው። በቃል እንዲያዝ በግጥም ቀረበ። ደራሲው በመጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ ይህን ትምህርት መማር ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው። ኢብን አስ-ሰላህና አን-ነወዊ ከልክለዋል፤ ሌሎች ሊታወቅ ይገባል ብለዋል፤ የጸናው አስተያየት ግን አእምሮው ብስል ለሆነና ቁርኣንንና ሱናን ለተለማመደ ሰው ይፈቀዳል የሚለው ነው ይላል። ተቃራኒ ሐሳቦችን ከነባለቤቶቻቸው አስቀምጦ የሚጀምር የጀማሪ መጽሐፍ ዛሬም ብዙ አናገኝም።

አጎቴ በኅዳጉ ላይ በዐጀሚ የጻፏቸው ቃላት እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛሉ። በ«ጅንስ» አንጻር «ወገን»፣ በ«ነውዕ» አንጻር «ዓይነት»፣ በ«ፈስል» አንጻር «መለያ» ብለዋል። በ«ናጢቅ» አንጻር በመጀመሪያ «ተናጋሪ» ብለው ጽፈው ሰርዘውታል፤ ከሥሩ በሌላ ቀለም «ልብ ያለው» ብለዋል። የግእዝ ሊቃውንት «ለባዊት» ያሉትን አጎቴ ከዐረብኛው ተነሥተው በራሳቸው መንገድ ደረሱበት። «ተናጋሪ» የሚለውን የሰረዙት ለምን እንደ ሆነ እገምታለሁ። ምናልባት አንድ ደረሳ «ድዳስ ሰው አይደለም ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ይሆናል።

ሁለተኛው መምጣት

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ፍልስፍና እንደገና በሌላ በር መጣ። የአል-አዝሀር ምሩቅ የነበረው ግብጻዊው ሪፋዓ አት-ጠህጣዊ (1801-1873) ሙሐመድ ዐሊ ወደ ፓሪስ ለላካቸው ተማሪዎች ኢማም ሆኖ ሄዶ ከ1826 እስከ 1831 ተቀመጠ። የቮልቴርን፣ የሩሶንና የሞንቴስኪዩን ሥራዎች አነበበ። በ1834 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም የፈረንሳዮችን ዕውቀት እያደነቀ፣ በፍልስፍና መጻሕፍታቸው ውስጥ ከሃይማኖት የሚቃረን ነገር ስላለ ሊያነባቸው የሚሻ ሰው አስቀድሞ በቁርኣንና በሱና ይጽና ሲል መከረ። ይህ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አል-አኽደሪ ያስቀመጠው መስፈርት ነው። አት-ጠህጣዊ አዲሱን እንግዳ በአሮጌው የእንግዳ ወግ ተቀበለው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ፍልስፍና ለሙስሊም ጀማሪ የቀረበው ቃል በመፍጠር፣ ተቃውሞን በማስተናገድ፣ ምሳሌን በመለወጥና ለቃል በሚመች ግጥም በማሳጠር ነው። ይህ ሥራ በባግዳድና በኮርዶባ ብቻ አልቀረም፤ በአንዲት የወሎ ጎጆም በአማርኛ ይሠራ ነበር። አንድ ኪታብ ብቻ ይዤ ስለ መላው የዐጀሚ ጽሑፍ መደምደም አልችልም። ነገር ግን በየመስጊዱና በየቤቱ ያሉ የኪታብ ኅዳጎች ሳይነበቡ ስለ አማርኛ የፍልስፍና ቃላት ታሪክ መጻፍ እንደማይገባ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ተማሪዎቻችን ከግእዙ ጎን ዐረብኛም እንዲማሩ የምወተውተው ለዚህ ነው።

አል-አኽደሪ «አስ-ሱለም»ን ሲገጥም ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። በመዝጊያው ላይ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ቢሳሳት ይቅርታ እንደሚገባው ገልጾ፣ አንባቢው ለጀማሪ ይራራ ዘንድ ይለምናል። ያን ስንኝ በአጎቴ ኪታብ መጨረሻ ላይ ባነበብሁ ጊዜ የዚያ የክረምት ምሽት የደረሶቹ ሳቅና የአጎቴ ቃል ትዝ አለኝ።